ዋንጫውን የተቀበለው አማካይ

እስቲ አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ማን ነበር?

«መንግሥቱ ወርቁ!» ያላችሁ እጃችሁን አውርዱ። አልፈርድባችሁም። ይህንኑ ጥያቄ ሰሞኑን ቡራዩ ሰፈሬ ውስጥ ለኳስ ወዳድ ሁሉ ሳቀርብ ከርሜ ነበር። ከአስኮ ታክሲ ረዳት እስከ ጀበና ቡና ቤት ደንበኛ፣ ሁሉም አንድ መልስ ነው የሰጡኝ። መንግሥቱ ወርቁ በእርግጥ ትልቅ ሰው ነው፤ በዚያ ቀን የመጨረሻዋን ጎል ያገባውም እሱ ነው። ዋንጫውን የተቀበለው ግን ሌላ ሰው ነው። መሃል ሜዳ ላይ የሚጫወት፣ አስመራ የተወለደ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ የሆነ መካኒክ፤ ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል።

ይህ ጽሑፍ የሉቺያኖ የኳስ ሕይወት ታሪክ ነው። መሃል ላይ ወደ ኮሪያ እንሻገራለን፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እንመለሳለን። «የአስመራ መካኒክ ከኮሪያና ከሰበታ ጋር ምን አገናኘው?» ለምትሉ ትንሽ ታገሱኝ። (ዓመታቱ «እ.ኤ.አ.» ካላልኩና ከኮሪያው ክፍል በቀር በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለት በኩል የተገፋ ልጅ

ሉቺያኖ የተወለደው ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። አባቱ በዚያ ዘመን ኤርትራ ከነበሩት የጣሊያን ወታደሮች አንዱ ነበር። ልጁ ነፍስ ሲያውቅ አባት የለም። ያሳደገችው እናቱ ናት።

በዚያን ጊዜ ክልስ ሆኖ መወለድ የሰፈር ሽሙጥ ብቻ አልነበረም፤ የሕግ ጉዳይ ነበር። የፋሺስቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ሕግ ጣሊያናዊ ወንድ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩን ወንጀል አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይቀበል ከለከለ። ስለዚህ እነዚህ ልጆች ለጣሊያኖቹ «ያገሬው ሰው»፣ ለአገሬው ሰው ደግሞ «የጣሊያን ዲቃላ» ሆነው አደጉ። እንግሊዞች ጣሊያንን ከኤርትራ አስወጥተው ሕጉ ከተሻረ በኋላ እንኳ ስድቡ አልተሻረም።

ሉቺያኖ ትምህርቱን ብዙ ሳይገፋ ሥራ ጀመረ፤ አስመራ ምድር ባቡር ውስጥ መካኒክ ሆነ። ኋላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ በጣሊያንኛ ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እማማ፣ ገንዘቡ ይኸው» እንደማለት ነው። አገሩን ሁሉ ካስጨበጨበ በኋላ ለመጽሐፉ የመረጠው ርዕስ ስለ ዋንጫ አለመሆኑ ሰውየውን በደንብ ይገልጸዋል።

ኳሱን የጀመረው ስቴላ አስማሪና በሚባል፣ እንደሱ ያሉ ክልስ ወጣቶች በተሰባሰቡበት ቡድን ነው። በሌላ ቦታ የማይፈለጉ ልጆች የራሳቸውን ቡድን ሲይዙ ቢያንስ አንድ ነገር ያገኛሉ፤ ኳስ የሚያቀብሉት ሰው። ከዚያ ገጀረት፣ ከዚያ የአስመራ ትልልቅ ቡድኖች፣ ከዚያ ደግሞ ብሔራዊ ቡድን። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የአስመራ ኳስም አብሮ መጥቷል። በ1940ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ ደጋግሞ ወደ አስመራ የሄደው በአጋጣሚ አይደለም። ያኔ የአስመራ ልጆች ከአዲስ አበባ ልጆች የተሻለ ሜዳ፣ የተሻለ ጫማና የቆየ ውድድር ነበራቸው።

ፋብሪካውና ክለቡ

አሁን ወደ ድሬዳዋ እንውረድ። የሉቺያኖ ምርጥ የክለብ ዓመታት ያለፉት እዚያ፣ ሰው ሁሉ «ኮተን» እያለ በሚጠራው የጥጥ ፋብሪካ ክለብ ነው። ኮተን በ1950ዎቹ ውስጥ አራት ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል።

የፋብሪካ ክለብ እንዴት እንደሚሠራ ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳችሁ። በዚያን ዘመን አገራችን ውስጥ «ፕሮፌሽናል» የሚባል ተጫዋች አልነበረም። ፊርማ፣ ወኪል፣ ዝውውር የሚሉት ቃላት ገና አልተወለዱም። ፋብሪካው ጥሩ ተጫዋች ሲያይ የሚያቀርብለት ሥራ ነው። ጠዋት ማሽን ቤት፣ ከሰዓት ልምምድ፣ እሑድ ጨዋታ። ደሞዙ የሠራተኛ ደሞዝ ነው። ክለቡ ቢፈርስ ወይም ጉልበትህ ቢከዳህ የሚቀርህ እጅህ ላይ ያለው ሙያ ነው። ሉቺያኖ ለዚህ ነው ቁልፍና መፍቻውን ያልጣለው።

የሰበታ ሰዎች ይህን ታሪክ ለመረዳት አይቸገሩም። ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካም የራሱን ቡድን ይዞ በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወተበት ጊዜ ነበር። ቢራው አሁንም አለ፤ ኳሱን የሚያስታውሱት ግን የዚያን ጊዜ ተመልካቾች ብቻ ናቸው። የፋብሪካ ኳስ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ሲያስነጥሰው ቡድኑ ይተኛል።

በሜዳ ላይስ ምን ዓይነት ተጫዋች ነበር? አማካይ ነበር። ይህ ቃል በአማርኛችን እንዴት ደስ እንደሚል አስባችሁት ታውቃላችሁ? አጥቂው ያጠቃል፣ ተከላካዩ ይከላከላል፤ አማካዩ ግን መሃል ላይ ቆሞ ሁለቱን ያገናኛል። ከኋላ የመጣውን ተቀብሎ ለፊተኛው ያደርሳል። ሉቺያኖ ከዚህ አልፎ ራሱም ያገባ ነበር። ከስሙ ጋር ሁልጊዜ የሚነሳ ቁጥር አለ፤ ለብሔራዊ ቡድን 104 ጨዋታ፣ 99 ጎል። ይህን ቁጥር በዛሬው የፊፋ ሚዛን አትመዝኑት፤ በዚያን ዘመን ብሔራዊ ቡድኑ ከጎብኚ ክለብም ከጦር ቡድንም ጋር ይጋጠም ነበር፣ ሁሉም ይቆጠራል። ለአንድ አማካይ ግን በየትኛውም ሚዛን ቢሆን ቀላል ቁጥር አይደለም።

ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነው። ጥምቀት ካለፈ ገና ሁለት ቀኑ። ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ተመልሰዋል፤ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ የአዘቦት ልብሱን ሳይለብስ ወደ ስታዲየም ተመመ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ከእኛ በኩል ኢትዮጵያ፣ ከወዲያ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ። ግብጽ ደግሞ ማን ናት? ከዚያ በፊት የተደረጉትን ሁለቱንም የአፍሪካ ዋንጫዎች የወሰደች። በመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ኢትዮጵያን በፍጻሜ 4 ለ 0 የሸኘች።

ውድድሩ የአራት አገር ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ ከሳምንት በፊት ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋለች፤ ግብጽ ደግሞ ዩጋንዳን 2 ለ 1። «አራት አገር ብቻ?» ብላችሁ እንዳትንቁት። በዚያን ዓመት አብዛኛው አፍሪካ ገና ከቅኝ ግዛት እየወጣ ወይም ሊወጣ እየታገለ ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው የሄደው። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብጽ አገባ። ኢትዮጵያ ስትገፋ፣ ስትገፋ ቆይታ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ጨብጭቦ ሳይጨርስ፣ በ75ኛው፣ ያው ባዳዊ ደገመው፤ 2 ለ 1። የቀረው ሩብ ሰዓት ነው። እንደ ልማዳችን ቢሆን ኖሮ «ጥሩ ተጫውተን ተሸነፍን» የሚለው ዜና እዚህ ላይ ይጻፍ ነበር።

በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ አገባ። ሉቺያኖ ቫሳሎ። 2 ለ 2፤ ጭማሪ ሰዓት። በ101ኛው ደቂቃ የሉቺያኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ። በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ ዘጋው። 4 ለ 2።

አራቱን ጎሎች አንድ በአንድ ቁጠሯቸው። ከአራቱ ሁለቱ፣ ያውም ቡድኑን ከሽንፈት ያወጣውና መሪ ያደረገው፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ስማቸው የጣሊያን ነው፤ አንዱማ ጭራሽ ስሙ ራሱ «ጣሊያናዊ» ማለት ነው። ጣሊያን ከአዲስ አበባ ከወጣ ሃያ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። በስታዲየሙ ውስጥ አባቱን፣ ወንድሙን፣ እጁን ወይም እግሩን በዚያ ጦርነት ያጣ ሰው ሞልቶ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ያ ሰው «ኢታሎ!» እያለ ጮኸ ማለት ነው።

ይሁንና ሁሉም ሰው አልጮኸም። እንደሚነገረው፣ ክልስ የሆነ አምበል ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫ መቀበሉ ያላስደሰታቸው ባለሥልጣናት ነበሩ። ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው የከለከሉት። ይድነቃቸውን የምናውቃቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ሆነው፣ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከኳሱ እንድትወጣ የታገሉ ሰው ሆነው ነው። የቆዳ ቀለምንና የዘር ቆጠራን ከኳስ ሜዳ ለማስወጣት እዚሁ አዲስ አበባም መሥራት ነበረባቸው። ዋንጫውን ጃንሆይ ለሉቺያኖ ሰጡ፤ ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ያ ቡድን ኢትዮጵያ ውስጥ ካየናቸው ቡድኖች ሁሉ የተደባለቀው ሳይሆን አይቀርም። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ከኤርትራ፣ ሌሎቹ ከመሃል አገር፣ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ ክልሱ። ያንን ሁሉ በአንድ ሜዳ ያገናኘው ደግሞ አማካዩ ነው። ታሪክ ቀልደኛ ነውና ከዋንጫው አሥር ወር ሳይሞላ ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳሰረው ፌዴሬሽን ፈረሰ። የሠላሳ ዓመቱን ጦርነት ታውቁታላችሁ።

ከአምበልነት እስከ ስደት

ሉቺያኖ ከዋንጫው በኋላ ብዙ ዓመት ተጫውቷል። በ1956 ዓ.ም. ጋና ላይ ኢትዮጵያ አራተኛ ወጣች። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ ተመልሶ ወደ እኛ መጣ፤ አዲስ አበባና አስመራ አስተናገዱ። ኢትዮጵያ የምድቧን ሦስቱንም ጨዋታ አሸንፋ በግማሽ ፍጻሜ በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተረታች፤ ያውም በጭማሪ ሰዓት። አምበሉ ያኔ 32 ዓመቱ ነው።

ከዚያም ወደ አሠልጣኝነት ገባ፤ ጣሊያን ሄዶ የአሠልጣኝነት ትምህርት ተማረ፤ ብሔራዊ ቡድኑንም አሠለጠነ። በጤነኛ አገር ቢሆን የቀረው ታሪክ ቀላል ነበር። ትልቁ ተጫዋች ትልቅ አሠልጣኝ ይሆናል፣ ያወቀውን ለተከታዩ ያስተላልፋል፣ ሲያረጅ በስሙ ሜዳ ይሰየምለታል።

የእኛ ታሪክ ግን በ1966 ዓ.ም. ታጠፈ። አብዮቱ መጣ። በ1967 ደርግ ትልልቆቹን ፋብሪካዎች ወረሰ። በ1969 ነሐሴ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን አጠቃ፤ በከተሞች ደግሞ ቀይ ሽብር። አስመራ የተወለደ፣ የጣሊያን ስም ያለው፣ ሰው የሚያውቀው ሰው በዚያን ጊዜ በጥርጣሬ ለመታየት ሌላ ወንጀል አያስፈልገውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ሉቺያኖ ቤቱንና ያፈራውን ትቶ በጅቡቲ በኩል ወጣ። ወደ ጣሊያን ሄደ፤ አባቱ ወደማያውቀው የአባቱ አገር።

ሮም አጠገብ ባለችው ኦስቲያ ኑሮውን ከዜሮ ጀመረ። በምን? በመካኒክነቱ። ጋራዥ ከፈተ። ቆይቶ ለሰፈሩ ልጆች የኳስ ትምህርት ቤት አቋቋመ። እስቲ አስቡት፤ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳ አምበል ለኦስቲያ ልጆች ኳስ እንዴት እንደሚቆም ያስተምራል፣ የእኛ ልጆች ደግሞ ስሙን እንኳ አያውቁትም።

አሁን ወደ ኮሪያ

ቃል በገባሁት መሠረት እንሻገር። ደቡብ ኮሪያን ለምን መረጥኩ? መነሻችን አንድ ስለነበር ነው። እንዲያውም እኛ እንሻል ነበር።

ቃኘው ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ሲደርስ ያገኘው የፈረሰ አገር ነው። ከስድስት ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች በየተራ እዚያ ዘምተዋል። ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ ኮሪያ ዓለም ዋንጫ ሄደች፤ በሃንጋሪ 9 ለ 0፣ በቱርክ 7 ለ 0 ተሸንፋ ተመለሰች። ከዚያ ግን በ1956ና በ1960 የመጀመሪያዎቹን ሁለት የእስያ ዋንጫዎች ወሰደች። ስለዚህ ሉቺያኖ ዋንጫውን ሲቀበል፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1962፣ የእስያ ሻምፒዮን ኮሪያ፣ የአፍሪካ ሻምፒዮን ኢትዮጵያ ነበሩ። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ድሃ አገሮች።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአንድ ዓመት ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. 1978። በዚያ ዓመት መጨረሻ ቻ ቡም ኩን የተባለ የኮሪያ አጥቂ ኮንትራት ይዞ ወደ ጀርመን፣ ወደ ዳርምሽታት ክለብ ሄደ። ቀጥሎ ለአይንትራክት ፍራንክፈርትና ለሌቨርኩሰን ተጫወተ፤ ከሁለቱም ጋር የአውሮፓን ዩኤፋ ካፕ አነሳ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያው አምበል ነፍሱን ይዞ ወደ ጅቡቲ እየሄደ ነበር። ሁለቱም ወደ አውሮፓ ሄዱ። አንዱን አገሩ ላከችው፤ ሌላውን አገሩ አባረረችው።

ቻ በዚያ መንገድ ስለሄደ ሌሎች ተከተሉት። እ.ኤ.አ. በ1983 ኮሪያ የፕሮፌሽናል ሊግ አቋቋመች። ከ1986 ጀምሮ አንድም ዓለም ዋንጫ አላመለጣትም። በ2002 ከጃፓን ጋር አዘጋጅታ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ከዚያ ቡድን የወጣውን አማካይ እናንተም በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ፓርክ ጂ ሱንግ። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ የሆነ የሰፈራችን ሰው ሁሉ «ሦስት ሳንባ ያለው» እያለ ያደነቀው።

የፓርክን መንገድ እዩት። ሱዎን ከተማ አደገ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በ2000 ወደ ጃፓኑ ኪዮቶ ክለብ ሄደ። የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆላንዳዊው ጉስ ሂዲንክ ወደ ራሱ ክለብ፣ ወደ ፒኤስቪ፣ ይዞት ሄደ። በ2005 ማንቸስተር ዩናይትድ፤ ሰባት ዓመት፣ 205 ጨዋታ። ለአገሩ 100 ጊዜ ተሰለፈ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አይካድም። ግን ከእያንዳንዱ ደረጃ ሥር ሌላ ደረጃ ነበረለት። ከትምህርት ቤት ቡድን ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ ቀጥሎ ክለብ፣ ከክለብ ቀጥሎ የሚያየው አሠልጣኝ። ለሉቺያኖ ከአንዱ ደረጃ በኋላ ገደል ነበር።

«እነሱ ሠራተኛ ሕዝብ ናቸው፣ እኛ ሰነፍ ነን» የምትለዋን ዝነኛ መልስ ይዛችሁ እንዳትመጡብኝ። ቀን ማሽን ሲፈታ ውሎ ማታ ልምምድ የሚሄድ ሰው ሰነፍ አይባልም።

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ

ይህን ሁሉ ያስነሳብኝ የከተሞቻችን ኳስ ነው። ከአዲስ አበባ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች የመሃል ሜዳ ኑሮ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሥራችን ከተማ፣ አዳራችን ዳር። ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ፣ ታክሲ ውስጥ ሌላ፣ ቢሮ ውስጥ ሦስተኛ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ ተብለናል። በ2011 መስከረም ቡራዩ ውስጥ ሰዎች በማንነታቸው ምክንያት ሲገደሉና ሲፈናቀሉ ያየን ሰዎች ደግሞ «አንተ ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል አንረሳም። ሉቺያኖን ዕድሜ ልኩን የተከተለው ጥያቄ ይኸው ነበር።

ወደ ሱሉልታ ብትወጡ ማለዳ ላይ አትሌቶች ይርመሰመሳሉ። ቀነኒሳ በቀለ ያስገነባው ትራክ እዚያ ነው። ሩጫ ለአገራችን ለምን እንደተሳካ የሚገባኝ እዚያ ስቆም ነው። ሯጭ እግር፣ መንገድ፣ ከፍታና ልብ ካለው ብቻውን ሊጀምር ይችላል። አማካይ ግን ብቻውን አማካይ ሊሆን አይችልም። የሚያቀብለው ሰው፣ የሚቀበለው ሰው፣ ሜዳ፣ ዳኛ፣ በየሳምንቱ የማይቋረጥ ውድድር ይፈልጋል። ጎበዝ ሯጭ ከደካማ ተቋም ሊያመልጥ ይችላል፤ ጎበዝ አማካይ አያመልጥም።

ሰበታን ውሰዱ። ሰበታ ከተማ ክለብ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ። የመጀመሪያው ዓመት ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013ና በ2014 ሊጉ በቴሌቪዥን እየተላለፈ በተመረጡ ከተሞች ብቻ ሲካሄድ፣ ሰበታ ከተማ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ እየዞረ ተጫወተ። በ2014 መጨረሻ ወረደ። ልብ በሉ፤ የሰበታ ልጅ የከተማውን ቡድን በትልቁ ሊግ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየው በዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ነው፤ ፓርክ ጂ ሱንግን ባየበት በዚያው አግዳሚ ላይ። ከሜዳው አጥር ውጭ ቆሞ የሚያየው አማካይ አልነበረውም።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጅ ኳስን የሚማረው ከሚያየው ሰው ነው። ሉቺያኖ አስመራ ውስጥ የሚያያቸው ተጫዋቾች፣ የሚጫወትበት ቡድንና እሑድ እሑድ የማይቀር ጨዋታ ነበረው። አባት አልነበረውም፣ ክብር አልነበረውም፣ ገንዘብ አልነበረውም፤ ሜዳ ግን ነበረው። ዛሬ በከተሞቻችን ነገሩ ተገልብጧል። ሜዳ የነበረው ሁሉ ሊዝ ሆኗል፣ የልጆቹ ኳስ ደግሞ በሁለት ግንብ መሃል ወዳለ ኮረት ተሰድዷል።

አንዳንዴ ከሰበታ የሚነሳውን የባቡር ሐዲድ ሳይ የሚመጣብኝ ሐሳብ አለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሐዲድ ድሬዳዋን አልፎ ጅቡቲ ይገባል። የሉቺያኖን ሕይወት ከድሬዳዋ ወዲህና ወዲያ ከፋፍሎ የሚያሳይ መስመር ነው። ወዲህ አዲስ አበባ፣ ስታዲየሙና ዋንጫው። ድሬዳዋ ላይ ክለቡና ጋራዡ። ወዲያ ስደት። በዚያው መስመር ዛሬም ከዳር ከተሞቻችን ወጣቶች ይሄዳሉ፤ ኳስ ፍለጋ ሳይሆን እንጀራ ፍለጋ። ከመካከላቸው ስንት አማካይ እንዳለ ማን ቆጥሮ?

ሒሳቡ

ኢታሎ ቫሳሎ በ2013 ዓ.ም. አረፈ። ሉቺያኖ መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ጣሊያን ውስጥ አረፈ። የተወለደባት ከተማ የሌላ አገር ዋና ከተማ ሆናለች። ዋንጫ ያነሳላት አገር ከትውልድ አገሩ ጋር ተዋግታለች፣ ታርቃለች፣ እንደገና ተኳርፋለች። ኢትዮጵያ «የእኔ ነው» ብትል እውነት ነው፤ ኤርትራ ብትልም እውነት ነው። ሁለቱም ጮክ ብለው ሳይሉ ሞተ።

ኢትዮጵያ ከ1954 ወዲህ የአፍሪካ ዋንጫን ደግማ አላነሳችም። በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ውድድሩ ስትመለስ አገሩ በደስታ አበደ፤ መመለሱ ራሱ ዋንጫ ሆነ። ምክንያት ስንፈልግ ቁመት እናነሳለን፣ ገንዘብ እናነሳለን፣ አሠልጣኝ እናነሳለን። እኔ ደግሞ አንድ ልጨምር። ያሸነፍንበት ቡድን «ይህ ከየት ነው? አባቱ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይድነቃቸው ተሰማ በር ላይ ያስቀሩት ቡድን ነበር። ከዚያ በኋላ ያ ጥያቄ ተመልሶ ገባ፤ አምበሉም ወጣ።

ስለዚህ ቡራዩም ሆነ ሱሉልታ ውስጥ በጨርቅ ኳስ መሃል ላይ ቆሞ የሚያቀብል ልጅ ስታዩ ስሙን ጠይቁት። የአባቱን ስም ለሌላ ቀን አቆዩት። መጀመሪያ «የት ነው የምትጫወተው?» በሉት፤ «ሜዳ የለንም» ካላችሁ ደግሞ ለቀበሌው የምታቀርቡትን አቤቱታ ከዚያ ጀምሩት።